እኔ ያማጥኩበት ጠዋት

መጀመሪያ ስለ ቁመቴ ልንገራችሁ፤ ወደ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው። አጭር ነኝ። «መካከለኛ» የሚሉኝ ባለቤቴና መታወቂያዬን የሞላው ሰውዬ ብቻ ናቸው። ንፋስ መውጫ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር በነበርኩበት ጊዜ፣ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ተማሪው ፊት የምቆመው ድንጋይ ላይ ነበር። ድንጋዩን ያመጣው ዘበኛው ነው። እኔ አምጣ አላልኩትም፤ አንሳውም ግን አላልኩትም።

ያን ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ከርዕሰ መምህርነቴ አነሱኝ። አልሰረቅሁም፣ ከማንም አልተጣላሁም። «ለአዲስ ጉልበት ቦታ እንልቀቅ» ተባለና በስብሰባ አመሰገኑኝ፣ አጨበጨቡልኝ፣ ወንበሬን ለደሴ ሰጡት። ደሴ ማለት ዘጠነኛ ክፍል እያለ ጂኦግራፊ ያስተማርኩት ልጅ ነው። እኔ ደግሞ ወደ ጂኦግራፊዬ እንድመለስ ተወሰነ። ዘጠነኛ ክፍል፣ ያውም ደሴን ያስተማርኩበት ክፍል ውስጥ።

ሰው እንዲህ ሲሆን ምን ያደርጋል? እኔ ተኛሁ። ለትምህርት ቤቱ ጨጓራዬን አሞኛል ብዬ ላክሁና ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ባለቤቴ ብርቱካን መጀመሪያ ሰሞን አጥሚት አፈላችልኝ። ቀጥላ አጥሚቱን ተወችው። በመጨረሻ በሩ ላይ ቆማ «ጌትነት፣ አንተ ባትነሳ እንኳ ብርድ ልብሱ ይነሳ፤ መታጠብ አለበት» አለችኝ። እሷም ከድታኛለች ብዬ ደመደምኩ።

ደሴም ሰው ልኮ ነበር። «ጋሼ፣ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ተቀምጠዋል። ሰኞ ካልገቡ ሌላ ሰው መጠየቄ ነው» ብሏል። «ጋሼ» ማለቱ አናደደኝ። ጋሼ ባይለኝም ያናድደኝ ነበር። እኔ ግን ወስኛለሁ፤ ሰኞም አልገባም፣ ከሰኞ በኋላም አልገባም። ሥራውን ጥዬ ባሕር ዳር እገባለሁ። ባሕር ዳር ገብቼ ምን እንደምሠራ አላሰብኩበትም ነበር፤ ብቻ ባሕር ዳር።

ሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ መስኮቱ ተንኳኳ። ሰይድ ነው። ሰይድ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ገበያው መግቢያ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል። ሐኪም ስኳር አለብህ ካለው ወዲህ ሱብሂ ሰግዶ ከመስጊድ ሲወጣ በዚያው ይሮጣል። ቁመቱ መለሎ ነው። አብረን ስንሄድ ከሩቅ ያየን ሰው አባትና ልጅ እንመስለዋለን፤ ሲጠጋ ልጅየው ሽበት አለው።

«ጌትነት፣ ተነስ እንሩጥ።»

«አሞኛል።»

«ምንህን?»

«ጨጓራዬን።»

«የምትሮጠው በጨጓራህ አይደለም። ተነስ።»

መልስ እያሰብኩ ሳለ ብርቱካን ብርድ ልብሱን ከላዬ ላይ ገፈፈችና ይዛው ወጣች። ያኔ ነው እንደተመካከሩብኝ የገባኝ። ወንበሩ ላይ አዲስ ቱታ ተቀምጧል፤ ከሰይድ ሱቅ የመጣ ነው። ለበስኩት፤ ልክክ አለ። ለምን ልክክ እንዳለ የገባኝ ጀርባውን በመስታወት ሳይ ነው፤ ቀይ ኳስ ያቀፈ ድብ ተስሎበታል።

«ይኼ የልጅ ነው» አልኩት ሰይድን፣ ውጭ ስወጣ።

«የልጅ ትልቁ ነው» አለኝ። «ጨለማ ነው፣ ማን ያይሃል?»

የአገራችንን የጥቅምት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጆሮ ይቆርጣል። አስፋልቱን ትንሽ ከሮጥን በኋላ ሰይድ ወደ ገጠር የሚወርደውን ጥርጊያ መንገድ ይዞ ታጠፈ። የክረምቱ ጎርፍ መሐሉን በልቶት መኪና ከረገጠው የቆየ መንገድ ነው። ግን ቁልቁለት ነው፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እኔ ጎበዝ ነኝ። እጄን እያወናጨፍኩ ሰይድን አልፌው ሄድኩ። ዞር ብዬም «ምነው፣ ስኳሩ ያዘህ?» አልኩት። እሱ እየሳቀ ይከተለኛል።

ትንሽ እንደወረድን ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡ አንድ ቄስ አገኘን። እኛን ሲያዩ መቋሚያቸውን ተክለው ቆሙ።

«ልጆቼ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም አባ» አለ ሰይድ።

«እሳት ተነሳ?»

«የለም አባ፣ ስፖርት ነው። ለጤና ነው የምንሮጠው።»

አባ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። አፌ ተከፍቷል፣ ላቤ በብርዱ ይጨሳል። «ይኼኛውም ለጤና ነው?» አሉት።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው በማለዳ አይሮጥም። ከሮጠ ወይ መርዶ ይዟል፣ ወይ ለሰው ሊደርስ ነው። ይኼን እኔም አሳምሬ አውቃለሁ፤ እዚያው ነው ያደግሁት። ያን ጠዋት ግን ከራሴ በቀር ስለማንም ስለማላስብ ረስቼው ነበር።

ከአባ ከተለየን በኋላ ትንፋሼ አለቀ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ወደ ኋላ ብዞር የወረድነው ሁሉ ተራራ ሆኖ ቆሟል።

«ሆን ብለህ ነው አይደል?»

«መጀመሪያ ዳገት ባስወጣህ ከመንገድ ትመለስ ነበር» አለኝ ሰይድ። «አሁን የት ትመለሳለህ? ቤትህ ያለው ከዳገቱ በላይ ነው።»

ያኔ ተኝቼ ስሰነብት ያጠራቀምኩት ሁሉ ገነፈለ። ያለቀልኝ ሰው ነኝ አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ለዚያ ትምህርት ቤት ገብሬ፣ ጣሪያው ሲያፈስ እኔ፣ ጠመኔ ሲጠፋ እኔ፣ ዛሬ እንደ አሮጌ ወንበር ወደ ጥግ ተገፋሁ፤ ከእንግዲህ በየትኛው ዓይኔ ተማሪ አያለሁ፣ መሬት ላይ ቆሜ... ሰይድ እንዳይበርደው እየዘለለ ሲሰማኝ ቆየና «የቀረውን ታች ስንደርስ ትጨርሰዋለህ» ብሎ ቁልቁል ሮጠ።

ንግግሬን አቋርጦ ሲሄድ ጭራሽ አበድኩ። ተነስቼ ተከተልኩት፤ እጄን እያውለበለብኩ፣ «ጠብቀኝ፣ መጣሁ፣ ጠብቀኝ» እያልኩ። ኩርባውን ስዞር ሰይድ ቆሟል። ከፊቱ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን እየወጡ ነው፤ ቃሬዛው ላይ በጋቢ የተሸፈነች ሴት አለች።

«ደረሱልን» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ። «ይኸው፣ ከከተማ እየሮጡ ደረሱልን።»

«እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ፣ ማን ነገራችሁ?» አሉ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ እናት።

አፌን ከፈትኩ። «ማንም አልነገረንም፣ ስፖርት ነው» ልል ነበር። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሰይድ ግን ቀድሞ ጃኬቱን አውልቆ ወገቡ ላይ አሰረ።

ሴትዮዋ ዓለምነሽ ትባላለች። ምጥ የያዛት ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። የመንደራቸው የጤና ባለሙያ አይታት «ሕፃኑ በአግድም ነው፤ ቶሎ ሆስፒታል ካልደረሰች ለሁለቱም እፈራለሁ» ብላለች። አምቡላንስ እንዳይወርድ መንገዱ የለም። ያለው መንገድ ትከሻ ነው። ነጠላ ያሰሩት እናቷ ናቸው፤ ከፊት በኩል አንዱን ጎን የተሸከመው ባሏ ሙሉቀን ነው፤ ተራውን የሚያዙት ደግሞ አያ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። አያ ተሰማ እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ ብዙም አይርቅምና ቶሎ ጨረሱ።

«አጭር ነው» አሉ። «አጭር ተገኘ።»

ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዳገት ቃሬዛ ሲወጣ ከፊት አጭር፣ ከኋላ ረጅም ነው የሚሸከመው። ካልሆነ የተኛው ሰው ወደ እግርጌው ይንሸራተታል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል አጭር የሚባሉት ሙሉቀንና ወንድሙ ብቻ ናቸው። ረጃጅሞቹ ከኋላ ሲቀያየሩ እነሱ ከመንደራቸው ጀምሮ ተቀባይ አጥተው ነው እዚህ የደረሱት። የወንድምየው ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሰው ቁመቴን አይቶ ሲደሰት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

አያ ተሰማ ጠጋ ብለው ፊቴን አዩት። «አንቱ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አይደሉም?»

ተኝቼ ስሰነብት የፈራሁት ጥያቄ ነው። ከቤት ያልወጣሁትም ይኼን ላለመስማት ነበር።

«ነበርኩ» አልኳቸው። «አሁን እንኳ ተነስቻለሁ፤ ነገሩ ምን መሰለዎት፣ ክረምት ላይ በስብሰባ...»

«ግራ ትከሻዎን ይስጡ» አሉኝ።

ሰጠሁ። ወንድምየው ወጣ፣ እኔ ገባሁ፤ ቃሬዛው አልቆመም። ሰይድ ከኋላ ሊገባ ሲል አያ ተሰማ «ረጅም ሞልቶናል፤ አንተ ከሮጥህ አይቀር ወደ ላይ ሩጥና መኪና አቁምልን» አሉት። ሰይድ ያን ዳገት ሽቅብ ሲወጣው አየሁት። ሲያበሽቀኝ የከረመ ሩጫው ያን ዕለት አስቀናኝ።

እንጨቱ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ የተሰማኝን አልደብቃችሁም፤ የመጀመሪያው ሐሳቤ «እሞታለሁ» የሚል ነበር። ሁለተኛውም እሱው ነው። ጭቃው ያንሸራትታል። የማለከልከው ደግሞ በአፌ ብቻ ሳይሆን በመላ ሰውነቴ ነበር። የዓለምነሽ ራስ ወደ እኔ በኩል ነው፤ ጆሮዋ ከጆሮዬ ብዙም አይርቅም።

«ማነው የሚያለከልከው?» አለች ከጋቢው ውስጥ በደከመ ድምፅ።

«ዝም በይ ልጄ፣ ጉልበትሽን ያዥ» አሏት እናቷ።

«ኧረ እማየ፣ ከእኔ የባሰው እሱ ነው። እኔን አውርዱኝና ሰውየውን አስተኙት፤ መውለዱ ነው።»

የተሸከመውም ያልተሸከመውም ሳቀ። ጥርሱን ነክሶ ሲሄድ የነበረው ሙሉቀን እንኳ ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ፣ ትንፋሽ አልበቃኝም። ያቺ ሴት በሞትና በሕይወት መካከል ተኝታ በእኔ ትቀልዳለች። እኔ ደግሞ ሙሉ ጤነኛ ሆኜ በሰው ፊት ያልቀለድኩት ስንት ጊዜዬ ነው? ይኼን ያሰብኩት ግን ኋላ ነው፤ ያኔ የማስበው ቀጥሎ እግሬን የት እንደማሳርፍ ብቻ ነበር።

ትንሽ እንደሄድን ምጡ መጣባት። እንጨቱን በእጇ ስትጨብጠው ንዝረቱ ትከሻዬ ድረስ ይሰማኛል። አለፈላት። ተመለሰባት። ከዚያ ዝም አለች። እናቷ ከጎን ጠሯት፣ አልመለሰችም። እጇም እንጨቱን ለቀቀው።

ብንቆም ጊዜ ይሄዳል፣ ብንሄድ በሕይወት መኖሯን አናውቅም። እናቷ ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ አንቱ ነዎት የቀረቧት። ትተነፍሳለች ወይ? ይስሙልኝ።»

ጆሮዬን አቀናሁ። የምሰማው የራሴን ማለክለክ ነው። ከሱ ሌላ ምንም የለም። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይደልቃል፣ ጉሮሮዬ ያፏጫል፤ ሌላ ሰው የሚሰማበት ቦታ የለም። እናትየው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ሙሉቀን ከዚያኛው ጎን አንገቱን ወደ እኔ አዙሯል፣ መጠየቅ ግን ፈርቷል። አፌን ገጠምኩና ትንፋሼን ያዝኩ። ዳገት ላይ፣ ሸክም ላይ፣ የእኔ ዓይነቱ ሰው ትንፋሽ ሲይዝ ምን እንደሚመስል አስቡት፤ ዓይኔ ሊወጣ ነበር። ያኔ ሰማኋት። ቀጭን ናት፣ የምትቆራረጥ ነገር ናት፣ ግን ትንፋሽ ናት።

«ትተነፍሳለች» አልኩ።

«ትተነፍሳለች» አለ ሙሉቀን ለኋለኞቹ። ቃሉ በቅብብል እስከ መጨረሻው ሰው ሄደ፤ እግራቸውም ፈጠነ። ከዚያ ወዲያ ያ ሆነ ሥራዬ። ጥቂት እሄዳለሁ፣ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ እሰማለሁ፣ «አለች» እላለሁ። የቀረውን ዳገት እንደዚያ ወጣነው። ስለ ደሴ አላሰብኩም፣ ስለ ወንበሬ አላሰብኩም፤ ባሕር ዳርንም ረሳኋት። ልረሳ ወስኜ አይደለም፤ ቦታ ስላልነበራቸው ነው።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ሰይድ መሐል መንገድ ቆሟል፤ ከጀርባው ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ ሚኒባስ ቆሟል። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ብርዱ ላይ ጋቢውን ተከናንቧል። ማንም «እኛስ?» አላለም። ቃሬዛውን በኋላ በር ስናስገባ እጄ ከእንጨቱ አልላቀቅ አለኝ። ጣቶቼ ደርቀዋል። ሾፌሩ ሊነዳ ነው፣ እኔ በሩ ላይ ተንጠልጥያለሁ። በመጨረሻ አያ ተሰማ በቱታዬ አንገት ይዘው እንደ ዕቃ ወደ ውስጥ ጎተቱኝ። የከተማችን ሆስፒታል የሄድኩት እንደዚህ ነው፤ ብዙ ሰው በፈቃዴ የሄድኩ ይመስለዋል።

እሷን አስገቡና እኛን አስቀሩን። ከሙሉቀን ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የማጽናኛ ቃል ፈለግሁ። ስንት ዓመት በባንዲራ ሰዓት ስናገር ኖሬ ለዚያ ሰው የምለው አንድ ቃል አጣሁ። ቀድሞ የጠየቀው እሱ ነው።

«ልጆች አሉዎት?»

«አሉኝ።»

«ሲወለዱ አጠገቧ ነበሩ?»

«ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ አልፈረደብኝም። እኔ ግን ብርቱካንን አሰብኳት። ብርድ ልብሱን ይዛ ስትወጣ የነበረውን ፊቷን አሰብኩት፤ ተናዳ ሳይሆን ፈርታ ኖሯል።

በሩ ተከፈተና ነርሷ ወጣች። «የዓለምነሽ ቤተሰብ» ስትል ሁላችንም ተነሳን። በኦፕራሲዮን ወልዳለች አለች፤ ሴት ልጅ ናት፤ እናትየዋ ብዙ ደክማለች፣ ግን ደህና ናት። እናቷ ጎንበስ ብለው የነርሷን ጉልበት ሳሙ። ሙሉቀን ወለሉ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እኔስ? እኔ አለቀስኩ። እንደ ሕፃን፣ ጮክ ብዬ፣ ድብ ጀርባዬ ላይ አዝዬ።

ነርሷ አየችኝና ወደ አያ ተሰማ ዞራ «አባትየው እሱ ነው?» አለቻቸው።

«የለም» አሏት። «እሱ አጭራችን ነው።»

ከትምህርት ቤት የተሰጠኝን የምስጋና ወረቀት የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ይኼኛው ማዕረግ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋብኝም።

ስወጣ ሰይድ በር ላይ ሻይና ዳቦ ይዞ ይጠብቀኛል። ዜናውን ሲሰማ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ዳቦውን ሰጠኝ። ከዚያ «በል፣ ንግግርህን ጨርስልኝ» አለ። «የት ላይ ነበርን?»

«ረሳሁት» አልኩት። ቀልዴን አልነበረም።

ቤት ገብቼ ልለብስ አሰብኩ፤ ግን ቤት ከገባሁ ያ አልጋ እንደሚጠራኝ አውቃለሁ። በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ደሴ ግቢው ውስጥ ቆሞ አየኝ፤ ጭቃዬን፣ ትከሻው ላይ የተቀደደ ቱታዬን አየ። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አለኝ። «ዘገየሁ፣ ይቅርታ» አልኩትና አለፍኩ። ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ልጆቹ ብድግ አሉ፣ ተቀመጡ ብዬ ስለ መሬት አቀማመጥ ልጽፍ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ከኋላዬ ሳቅ ፈነዳ። ድቡን ረስቼዋለሁ።

ዞርኩ። በዱሮው አመሌ ቢሆን አንዱን ልጅ ከክፍል አስወጣ ነበር። «ሳቁ» አልኳቸው። «ስትጨርሱ ዳገት ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ዛሬ በደንብ አውቄዋለሁ።»

እንግዲህ ይኼን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ሆንኩ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ደሴ በስብሰባ ሲናገር አሁንም አንዳንዴ ጥርሴን አፋጫለሁ። ሩጫውንም አልወደድኩትም፤ ሰይድ መስኮቱን ሲያንኳኳ ዛሬም መጀመሪያ የሚታመመው ጨጓራዬ ነው። አንድ ነገር ግን ለውጦኛል። የራሴ ነገር ሲከብደኝ፣ ዓለም ሁሉ በእኔ ላይ የዞረ ሲመስለኝ፣ አፌን ገጥሜ ትንሽ እቆያለሁ። ያኔ አጠገቤ ያለው ሰው ይሰማኛል። አብዛኛውን ጊዜ ብርቱካን ናት። እናንተም ሞክሩት፤ ሲጀምሩት ያንቃል፣ ግን አይገድልም።

ዓለምነሽን ዳግመኛ ያየኋት ከወራት በኋላ ነው። በገበያ ቀን ወደ ሰይድ ሱቅ የሚወስደውን ደረጃ እንደ ልማዴ እያለከለክሁ ወጣሁ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ጨርቅ ታገላብጣለች። ያን ጠዋት እሷ ያየችው ማጅራቴን ነው፣ እኔም ያየሁት ጋቢዋን፤ ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም። ሳትዞር እጇ ጨርቁ ላይ ቆመ።

«ይኼን ትንፋሽ አውቀዋለሁ» አለች።

ዞራ አየችኝ። ከላይ እስከ ታች አይታኝ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ የእኔም። ልጅቱን ከጀርባዋ አወረደቻት።

«ጨርቁን እስክለካ ይያዙልኝ» አለችኝ። «ግራ ትከሻዎን ይስጡ።»

ሰጠሁ። ልጅቱ ተኝታለች። ስትተነፍስ እንድሰማት የራሴን ያዝ አደረግሁት።